የጡት አልትራሳውንድ ላይ ኤላስቶግራፊ ተሰርቶላት እብጠቱ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፣ ባዮፕሲው ይቅርባት ወይ?

ቤቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ የጤና ባለሙያ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ነው ያለችው፣ 41 ዓመቷ ነው፣ ግራ ጡቷ ላይ ወደ ብብቷ በኩል የሆነ ነገር ይነካኛል ስትል ከርማ በስንት ልመና አልትራሳውንድ ተነሳች። ሐኪሙ መጀመሪያ እንደተለመደው በጥቁርና ነጭ ሲያየው ቆየና አንድ ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ አለችኝ፣ በአንዱ በኩል ያው ጥቁርና ነጩ በሌላው በኩል ደሞ ባለቀለም፣ እሱም ፕሮቡን (ጡቷ ላይ የሚያስኬደውን የማሽኑን እጀታ) በስሱ ጫን ለቀቅ ጫን ለቀቅ እያደረገ። ኤላስቶግራፊ ይባላል፣ ጥንካሬውን ነው የማየው ብሏታል።

ወረቀቱንና ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። የሚለው እንዲህ ነው፦ ግራ ጡት 2 ሰዓት ላይ (ጡቱ እንደ ሰዓት ሲታይ ማለት ነው)፣ 1.8 ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ፣ ኤላስቶ ስኮር 4፣ ባይራድስ 4ሲ፣ ባዮፕሲ ይመከራል፣ ማለትም በመርፌ ናሙና ይወሰድ። ፎቶው ላይ እብጠቱ እንዳለ ሰማያዊ ነው፣ ዙሪያው አረንጓዴና ቀይ ቀይ ነገር አለው።

አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጎረቤታችን ኢንተርኔት ላይ አይታ "ሰማያዊ ማለት ለስላሳ ነው፣ ካንሰር ቢሆን ቀይ ነበር የሚሆነው" አለቻት፣ እማዬ ደሞ "መርፌ ከነካው ይበተናል" ትላለች፣ በቃ እህቴ ሐሙስ የያዘችውን የባዮፕሲ ቀጠሮ ልትሰርዝ ነው። እኔ እዚህ ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ሰማያዊ ጥሩ ነው? ማሽኑ ጥንካሬውን ካየ መርፌው ለምን ያስፈልጋል? የምታውቁ ተባበሩኝ።


ሶኖ ዳላስ

ቤቲ አይዞሽ። እኔ እዚህ ዳላስ ሶኖግራፈር ነኝ፣ ጡት በየቀኑ ነው የማነሳው። ቀለሙን በተመለከተ ሌላውን ሳታነቢ መጀመሪያ ለእህትሽ ደውይላት፣ ጎረቤታችሁ ያየችው የሌላ ማሽን ሳይሆን አይቀርም። ቀለሙ በየማሽኑ ይለያያል። የጃፓኖቹ ሂታቺ ላይ ሰማያዊ ማለት ጠንካራ ነው ቀይ ማለት ለስላሳ፣ የፈረንሳዮቹ ሱፐርሶኒክ ላይ ደሞ ግልባጩ ነው ቀይ ጠንካራ ሰማያዊ ለስላሳ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን መገልበጥ የሚቻልባቸው ማሽኖችም አሉ። ስለዚህ ሰማያዊ ሆነ ቀይ ሆነ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ፎቶው ጠርዝ ላይ ቀጭን የቀለም ዘንግ አለ፣ እሱን በደንብ አጉልተሽ እይው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ትንንሽ ፊደል ይኖራል፣ ኤች ካለ ሃርድ ነው ኤስ ካለ ሶፍት፣ ወይ ደሞ በኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ቁጥር ይኖረዋል። ኤች ከየትኛው ቀለም ጎን እንደተጻፈ ንገሪን።

እኔ ግን ፎቶውን ሳላይም ወረቀቱ ላይ መልሱ ያለ ይመስለኛል። ኤላስቶ ስኮር 4 የሚለው ከጃፓን ጹኩባ የመጣ አሰጣጥ ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው፣ ከ1 እስከ 5 ይሄዳል። 1 ማለት እብጠቱ ልክ እንደ አካባቢው ሥጋ ይተጣጠፋል ማለት ነው፣ 4 ማለት እብጠቱ በሙሉ ጠንካራ ነው፣ 5 ሲሆን ጥንካሬው ከእብጠቱ አልፎ ዙሪያውንም ይዟል። 4 ተብሎ ከተጻፈና እብጠቱ እንዳለ ሰማያዊ ከሆነ እዛ ማሽን ላይ ሰማያዊው ጠንካራ ነው ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ይሄ ነገር የእጅ ስራ ነው። ፕሮቡን ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሰው ጤነኛውንም ሥጋ ጨፍልቆ ጠንካራ ያስመስለዋል፣ እኛ አዲስ የሚመጡ ልጆችን ስናስተምር ጄሉን አብዝተህ አድርግ፣ ክብደትህን አንሳ፣ ቆዳውን ነካ ብቻ አድርገው ነው የምንለው፣ ታካሚዋም ትንፋሽ ትይዛለች። በስሱ ጫን ለቀቅ ያደረገው ሐኪም ስራውን የሚያውቅ ይመስለኛል።


ቤቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሶኖ ዳላስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አጉልቼ አየሁት፣ ኤች የሚለው ከሰማያዊው ጎን ነው። ደውዬ ነገርኳት፣ ዝም አለችኝ። አሁን የቀረው የመርፌው ነገር ነው፣ እማዬ አጠገቧ ቁጭ ብላ ነው የምታስፈራራት።


ሰብለ ሚኒሶታ

ቤቲዬ የኔ ታሪክ ይጠቅማት እንደሆነ ልንገርሽ። እኔ ጡቴን አስቀንሼ ነበር፣ ጀርባዬን ስለሚያመኝ፣ ከዛ በኋላ ጠባሳው አካባቢ ድርቅ ያለ ነገር መጣ። ኤላስቶግራፊ ሲሰሩልኝ ስክሪኑ ላይ ዓይኔ እያየ በጣም ጠንካራ በሚለው ቀለም ነው የሞላው፣ ያኔ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ባዮፕሲው ሲመጣ የሞተ ስብ ነው፣ ከቀዶ ጥገና ወይ ከምት በኋላ የጡት ስብ ሞቶ ሊደድር ይችላል አሉኝ። ማለትም ጠንካራ የሆነ ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ እሱን ደሞ ያሳወቀኝ መርፌው ነው። መርፌውን ባልሰራ ኖሮ እስከዛሬ በፍርሃት ነበር የምኖረው።

አሰራሩን እንዳትፈራው ንገሪያት። ጋደም ትላለች፣ ክንዷን ከራሷ በላይ ታደርጋለች፣ ማደንዘዣዋ ስትገባ ትለበልባለች ከዛ በኋላ ግፊት እንጂ ሕመም የለም። መርፌው ሲተኮስ ጠቅ የሚል ድምጽ አለው፣ እሱ ነው የሚያስደነግጠው፣ እኔን አስቀድመው ድምጹን በባዶ አሰምተውኝ ነበር እንዲያሰሟት ትጠይቅ። ሐኪሙ በአልትራሳውንዱ መርፌው ሲገባ እያየ ነው የሚወስደው። ከዛ በረዶ ይደረጋል፣ ትንሽ ይጠቁራል፣ ማታውኑ ቤቷ ናት። እናታችሁንም ይዛት ትሂድ፣ ውጭ ቁጭ ብለው ጸሎታቸውን ያድርሱ። ጸበሉም አይቋረጥ መርፌውም አይቅር።


ራዲዮ ሬዚደንት

ቤቲ፣ አዲስ አበባ የራዲዮሎጂ ሬዚደንት ነኝ፣ የእህትሽን ፎቶ ስላላየሁ ስለሷ መናገር አልችልም ግን ወረቀቱ ላይ ስላለው ነገር ልንገርሽ።

መጀመሪያ የእናትሽን ጥያቄ ልመልስ ምክንያቱም እዚህ ሰው የሚዘገይብን በሱ ነው። በመርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰርን በሰውነት ላይ አያሰራጭም፣ ዓለም ላይ የጡት ካንሰር ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በመርፌ ናሙና ነው። ሰው "መርፌ ነካት ከዛ ታመመች" የሚለው አብዛኛው ጊዜ መርፌው ላይ የተደረሰው በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ስለሆነ ነው። ሀገራችን ላይ ሴቶች በጡት ካንሰር የሚያዙት በወጣትነታቸው ነው፣ ሐኪም ጋ የሚመጡት ደሞ ዘግይተው ነው፣ እብጠቱ ቆዳውን ከፍቶ የምትመጣ አለች፣ ንፍፊቱ ብብቷን ሞልቶ የምትመጣ አለች። 1.8 ሴንቲ ሜትር ላይ መገኘት ራሱ ትልቅ ዕድል ነው፣ በእግዚአብሔር ይሄን ዕድል እንዳታባክነው።

አሁን ወደ ኤላስቶው። ባይራድስ የሚባለው የአሜሪካ ራዲዮሎጂስቶች ያወጡት ደረጃ ነው፣ 3 ማለት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ አይበልጥም፣ 4ኤ ከ2 እስከ 10፣ 4ቢ ከ10 እስከ 50፣ 4ሲ ከ50 እስከ 95፣ 5 ከዛ በላይ። ኤላስቶግራፊ የሚጠቅመን እዛ ታችኛው ላይ ነው፣ 3 ነው ወይስ 4ኤ እያልን ስናመነታ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፣ 939 የጡት እብጠቶች ላይ የተሰራ፣ የሞገድ ፍጥነት በሚለካው ዓይነት ነው እንጂ እንደ እህትሽ በእጅ በሚጫነው አይደለም። ጥንካሬውን ጨምረው ሲያዩ ካንሰር ያልሆነውን በትክክል አይደለም ብሎ የመለየቱ ነገር ከ61.1 ወደ 78.5 በመቶ ከፍ አለ። ማለትም ብዙ ሴቶች ከማያስፈልግ መርፌ ይድናሉ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልብ በይ፣ ኤላስቶው ደረጃውን ከፍ ዝቅ እንዲያደርግ የተፈቀደለት 3 እና 4ኤ ላይ ብቻ ነው። 4ሲ ላይ ለስላሳ ሆኖ ቢወጣ እንኳን መርፌው አይቀርም። ጠርዙ የተበላሸ፣ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ እብጠት ማለት የጡቱን ሥጋ ንብብር እየሰበረ ወደ ታች የሚሄድ ነገር ነው፣ እሱን ቀለም አያጥበውም። ጎረቤታችሁ ስለ ሰማያዊ ያለችው ትክክል ቢሆንም ኖሮ መልሱ ያው ባዮፕሲ ነበር።

ለምን ብትይ ለስላሳ ካንሰር አለ። ንፍጥ የሚመስል ፈሳሽ የሚሰራው ዓይነት፣ ሊምፎማ፣ ውስጡ የሞተ ዕጢ፣ ከቱቦው ገና ያልወጣ ካንሰር፣ እነዚህ ኤላስቶ ላይ ሊያሳስቱ ይችላሉ። ሰብለ እንዳለችው ደሞ ጠንካራ ሆኖ ካንሰር ያልሆነ አለ፣ የቆየ ፋይብሮአዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ የጡት እብጠት) ካልሲየም ይዞ ይደድራል፣ ጠባሳ አለ፣ መግል የቋጠረ ጡት አለ፣ እኛ ሀገር ደሞ የጡት ቲቢም መረሳት የለበትም።

አንድ የማሳስባት ነገር፣ ቀጠሮዋ ላይ የሚወሰደው በቀጭን መርፌ የሚሳብ ሴል ነው ወይስ በወፍራሙ መርፌ የሚቆረጥ ሥጋ እንደሆነ ትጠይቅ። እዚህ ብዙ ቦታ ቀጭኑ ነው የሚሰራው፣ ቶሎ ይደርሳል ዋጋውም ቀላል ነው፣ ካንሰር መሆኑን ሊናገር ይችላል ግን የተሟላውን ነገር አይሰጥም። ወፍራሙ የሥጋውን አቀማመጥ ያሳያል፣ የሆርሞን ተቀባይና ሄር2 የሚባለውን ፕሮቲንም በሱ ላይ ነው በደንብ የሚመረምሩት፣ ከተገኘባት ደሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚሰጣት የሚወስነው እሱ ነው። ናሙናው ወዲያው ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ መግባት አለበት፣ እዛ ውስጥም ቢያንስ 6 ሰዓት ቢበዛ 72 ሰዓት ነው የሚቆየው። ቤተሰብ ራሱ ተሸክሞ ወደ ሌላ ላብራቶሪ የሚያደርስበት ቦታ ስላለ ነው ይሄን የምነግርሽ፣ የተወሰደበት ሰዓት ዕቃው ላይ ይጻፍ፣ ቤት አያሳድሩት።


አቤል ሙኒክ

የሕክምናውን ባለሙያዎቹ ጨርሰውታል፣ እኔ የአልትራሳውንድ ሲግናል ላይ የምሰራ መሐንዲስ ነኝና ቤቲ ማሽኑ ጥንካሬውን ካየ ያለችውን በኔ በኩል ላስረዳ፣ ምክንያቱም ማሽኑ ምን እንደሚለካ ሲታወቅ ለምን ብቻውን እንደማይበቃም ግልጽ ይሆናል።

ዕጢው የሚጠነክረው አብዛኛውን ጊዜ ከካንሰሩ ሴሎች የተነሳ ብቻ አይደለም፣ በዙሪያቸው ኮላጅን የሚባለው የሥጋ ማያያዣ ክር ተከምሮ እርስ በርሱ ስለሚተሳሰር ነው። ሐኪም በጣቱ ዳብሶ ደረቅ እብጠት የሚፈልገውም ለዚሁ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ሂውስተን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጆናታን ኦፊርና ባልደረቦቹ ይሄን ዳሰሳ ለአልትራሳውንድ ሰጡት፣ ኤላስቶግራፊ ብለው ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ሊጥ ውስጥ ሽንብራ ቢገባና ከላይ ብትጫኚው ሊጡ ይጨፈለቃል ሽንብራው ግን ቅርጹን አይለቅም። ማሽኑ ከመጫኑ በፊት የመጣውን ሲግናልና ከተጫነ በኋላ የመጣውን ያስተያያል፣ የትኛው ነጥብ ስንት ተንቀሳቀሰ ብሎ ያሰላል፣ ያልተጨፈለቀውን ቦታ ጠንካራ ብሎ ይቀባዋል። ለእህትሽ የተሰራው ይሄኛው ነው። ስንት ኃይል እንደተጫነ ግን ማሽኑ አያውቅም፣ ስለዚህ ከአካባቢው ሲተያይ ይጠነክራል ይላል እንጂ ይሄን ያህል ነው ብሎ ቁጥር አይሰጥም።

ሁለተኛው ዓይነት እጅ አይፈልግም። ማሽኑ ራሱ አንድ ነጥብ ላይ ጠንከር ያለ የድምጽ ግፊት ይልካል፣ ሥጋው በማይክሮሜትር የምትቆጠር ንቅናቄ ይንቀሳቀሳል፣ ከዛች ነጥብ ወደ ጎን ሞገድ ይነሳል። ይሄ የጎን ሞገድ ሥጋ ውስጥ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፣ አልትራሳውንዱ ራሱ ግን በሰከንድ 1540 ሜትር ስለሚሄድ ደርሶ እየተመለሰ ሞገዱን ሲጓዝ በሺዎች በሚቆጠር ምስል በሰከንድ ይቀርጸዋል። ፓሪስ ውስጥ እነ ማቲያስ ፊንክና ሚካኤል ታንቴር ናቸው ይሄን ያደረሱት፣ እኔ እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። ጠንካራ ሥጋ ውስጥ ሞገዱ ይፈጥናል፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ ነው፣ በሰከንድ 1 ሜትር ወደ 3 ኪሎፓስካል፣ 5.2 ሜትር ወደ 80 ኪሎፓስካል ይሆናል። ሬዚደንቱ ያነሳው ጥናት ላይ ከወሰኖቹ አንዱ ይቺ 80 ነበረች።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ይሄ ሞገድ ፈሳሽ ውስጥ አይሄድም፣ ስለዚህ ውሃ የቋጠረ ሲስት ላይ ማሽኑ ቀለም ሳይሞላ ባዶ ይተወዋል። ግን በጣም ጠንካራ ካንሰር ውስጥም ሞገዱ ተዳክሞ ሳይለካ ይቀርና መሀሉ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የሚታየው ዙሪያው ላይ ያለው የጠንካራ ቀለበት ብቻ ነው። አንዱ ምንም የማያሰጋ ውሃ ሌላው አደገኛ፣ ሁለቱም ላይ ግን መሀሉ ባዶ። ስለዚህ ጥቁርና ነጩን አብሮ የማያይ ሰው ኤላስቶ ማንበብ የለበትም ባይ ነኝ፣ ቀለሙን ብቻ ቆርጦ በቴሌግራም መላላክም እንደዛው።


ደጀን ጅዳ

ይቅርታ ቤቲ በጥያቄሽ ውስጥ ልግባና፣ ወንድሜ ሳውዲ ልመጣ ብሎ ሜዲካል ሲመረመር ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት፣ ከዛ በኋላ የጉበት ጥንካሬ ተለካ 9.4 ኪሎፓስካል ተባለ። ዕጢ አለ ማለት ነው እንዴ? ይሄ ቁጥር ካንሰር ነው?


ራዲዮ ሬዚደንት

ደጀን አይደለም፣ ተረጋጋ። እሱ ፋይብሮስካን የሚባለው መሆን አለበት፣ መርሁ አንድ ቢሆንም ስራው ሌላ ነው። ጎኑ ላይ ጠረጴዛ እንደሚንኳኳ ነገር ይሰማዋል፣ ማሽኑ ከቆዳ ስር ከ2.5 እስከ 6.5 ሴንቲ ሜትር ባለው የጉበት ክፍል ውስጥ ሞገዱን ይለካና 10 ጊዜ ያህል ደጋግሞ መካከለኛውን ይወስዳል። ምስል አያወጣም፣ ዕጢ አይፈልግም፣ ጉበቱ በአጠቃላይ ምን ያህል ጠባሳ እንደያዘ ነው የሚናገረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለሄፓታይተስ ቢ ከ7 በላይ ከሆነ ጠባሳው መድኃኒት የሚያስጀምር ነው፣ ከ12.5 በላይ ከሆነ ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ መሞላቱ) ይባላል። 9.4 መሀል ላይ ነው፣ ሐኪም ጋ ሄዶ መድኃኒት መጀመሩን ይነጋገር። በልቶ ከተለካ ወይ የጉበት ኢንዛይሙ በጣም ከፍ ባለበት ሰዓት ከተለካ ቁጥሩ ይጋነናል፣ ቢያንስ 3 ሰዓት ሳይበላ ነው መለካት ያለበት። አዲስ አበባ ከሆነ ጳውሎስ ሆስፒታል የሄፓታይተስ ቢ ክትትል በፋይብሮስካን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰራ የቆየ ነው፣ እዛ ይጠይቅ። የጉበት ካንሰርን የምንጠብቀው በየ6 ወሩ በሚነሳ ተራ አልትራሳውንድ ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ሲሮሲስ ሳይኖርበትም ሊይዘው ስለሚችል ቁጥሩ ዝቅ ቢል እንኳን ክትትሉን መቼ እንደሚጀምር ሐኪሙን ይጠይቅ።


ቤቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁም ተባረኩ። ያላችሁትን አንድ በአንድ አነበብኩላት፣ የሰብለን ሁለቴ ነው ያስደገመችኝ። ቀጠሮዋን አልሰረዘችም፣ እማዬም አብራ ትሄዳለች። ወፍራሙ መርፌ ነው ወይ ብላ ደውላ ጠየቀች አዎ ብለዋታል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ውጤቱ ካንሰር አይደለም ብሎ ከመጣ በቃ አለቀ ማለት ነው? ደሞ ማሞግራምም ተነሺ ብለዋታል፣ አልትራሳውንድ ተነስታ ለምን?


ሶኖ ዳላስ

ማሞግራሙ ትነሳ። አልትራሳውንድ በደንብ የማያሳየን ደቃቅ የካልሲየም ነጠብጣብ አለ እሱን ማሞግራም ነው የሚያየው፣ ደሞ ሌላኛውንም ጡት ማየት አለባቸው። በሷ ዕድሜ ጡት ብዙ ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ስለሚሆን ማሞግራም ላይ እብጠቱ ሊደበቅ ይችላል፣ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ይሞላል። እዚህ አሜሪካ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሞግራም ያነሳሽ ቦታ ሁሉ ጡትሽ ጥቅጥቅ ያለ ነው አይደለም የሚለውን በጽሁፍ እንዲነግርሽ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ግዴታ አድርጎታል። ቤቲ አንቺም እህቷ ነሽና ለሐኪምሽ የእህትሽን ነገር ንገሪያት፣ ወረቀትሽ ላይም እሱን ፈልጊ።


ራዲዮ ሬዚደንት

ውጤቱ ካንሰር አይደለም ካለ አላለቀም ቤቲ፣ ይሄን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። 4ሲ የተባለ፣ ስኮር 4 ያገኘ እብጠት ላይ ፓቶሎጂው (ናሙናውን የሚመረምረው ላብራቶሪ) ተራ የጡት ሥጋ ነው ብሎ ቢመልስ ሁለቱ አይስማሙም፣ መርፌው እብጠቱን ስቶት ሊሆን ይችላል። ያኔ መርፌው ይደገማል ወይ በቀዶ ጥገና ይወጣል እንጂ ወደ ቤት ሂጂ አይባልም። ፋይብሮአዴኖማ ወይ ቲቢ ብሎ ምክንያቱን በስሙ ከጠራ ግን ፎቶውን ያነሳው ሐኪም አይቶ ይሄ ነገር ይሄን ምስል ሊሰጥ ይችላል ወይ የሚለውን ይወስናል። ስለዚህ የፓቶሎጂውን ወረቀት ተቀብላ ዝም ብላ እንዳትሄድ፣ ከአልትራሳውንድ ፎቶውና ከማሞግራሙ ጋር ይዛ ወደዛው ወዳነሳት ሐኪም ትመለስና ይስማማሉ ወይ ብላ ትጠይቀው። ፎቶውን በሲዲ ይስጧት፣ የስልክ ፎቶ አይበቃም።